የመስመሩ ተቃውሞ

ስም አልጠራም። አዝኜላቸው አይደለም። ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስም ከጠራሁ ነገሩ ከሁለት ሰው አልፎ የሁለት ቤተሰብ ጠብ ይሆናል። የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል፤ የማያውቋቸውም ባያውቋቸው የሚቀርባቸው ነገር የለም።

የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል። ፕላዝማ እስኪመጣ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከመጣ በኋላ ምን እንደነበርኩ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ፕላዝማ የምንለው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ከሩቅ ይመጣል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ብቅ ይላል። የእኛ ሥራ ሳጥኑን ከፍቶ ማብራት፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቃል መናገር፣ ሲያበቃ አጥፍቶ መቆለፍ ሆነ። የቴሌቪዥኑ ሰው አይደክመውም፣ ጉሮሮው አይደርቅም፣ ገብቷቸው እንደሆነ ለማወቅ የልጆቹን ዓይን አያይም። ጥያቄ ይጽፍና "አሁን ሥሩ" ይላል፤ ልጆቹ ጥያቄውን እንኳ ገልብጠው ሳይጨርሱ "ቬሪ ጉድ!" ብሎ ያልፋል። ማንን እንደሚያመሰግን እንጃ። የእኔ ተማሪዎች አብዛኞቹ ቤታቸው ካፊኖኖ የሚነገርባቸው ነበሩ። አማርኛውንም ትምህርት ቤት ገብተው ነው የለመዱት፤ እንግሊዝኛው በሰማይ መጥቶ በሰማይ ያልፋል።

ይህንን በመምህራን ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። "ፕላዝማው ይቅር" አላልኩም። "እሱ እንደፈለገ ይሩጥ፤ እኛ ከኋላው እየሄድን የጣለውን የምንለቅምበት ጊዜ ይሰጠን" ነው ያልኩት። ያን ቀን ብዙ ራስ በአዎንታ ተነቀነቀ። በኋላ ሲጠየቅ ግን ራሱን የነቀነቀ ሰው ጠፋ፤ አፌን የከፈትኩት እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ።

ዳይሬክተሩ ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ፣ ታሪክ የተማረ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነበር። ቤተሰቡን ስላላመጣ ምሳውን እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ከቢሮው ጎን የመምህራን የሻይ ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ ለሻይ ተብሎ የተገዛ ትልቅ የኤሌክትሪክ ስቶቭ አለ። ሻዩ የእኛ፣ ስቶቩ የእሱ ሆነ። ረፋዱ ላይ ሽንኩርቱን ይጥዳል፤ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ የሽሮው ሽታ በመስኮት ይገባል። እኔን "እትዬ" ነበር የሚለኝ። "እትዬ እንዴት አደሩ፣ እትዬ አይድከሙ።" ሰው እትዬ ሲልህ ልብህ ይላላል፤ የእኔም ላልቶ ነበር።

የሻይ ክፍሉን ቁልፍ የምትይዘው ጓደኛዬ ናት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣነው በአንድ ዓመት ነው፤ አንድ የምሳ ዕቃ ነበረን፤ እሑድ እሑድ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። ከእናቴ ቀጥሎ ራሴን በሰው ጉልበት ላይ ያስደገፍኩት በእሷ ጉልበት ላይ ነው። ይህንን የምጽፈው እንድታፍር አይደለም፤ አታፍርም። እኔ ምን ያህል እንዳመንኳት አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

በዚያ ዓመት ለሴት መምህራን ዕድል መጣ ተባለ። ዲፕሎማ ያላት ሴት በክረምት ጂማ እየተመላለሰች ዲግሪ ትማራለች፤ ከየትምህርት ቤቱ ግን አንዲት ብቻ። በጎረቤት ከተሞች፣ ዋጫም ደካም ያሉ መምህራን እንዲሁ አንድ አንድ ደረሳቸው። ከእኛ ትምህርት ቤት ያመለከትነው እኔና እሷ ነን። ነገሩ ለእኔ የቅንጦት አልነበረም። ዲግሪ የሌለው ከሁለተኛ ደረጃ ተነሥቶ ወደ አንደኛ ደረጃ እንደሚወርድ ወሬው ደርሶን ነበር። ዕድሜዬም ሌላ ዙር የሚጠብቅ አልነበረም። በአገልግሎት እበልጣታለሁ፤ በሥራም ማንም ያውቀዋል። እሷ ራሷ "ዘንድሮ ያንቺ ነው፤ እኔ በሚቀጥለው" ብላኛለች። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ግምገማ። በግምገማ ጥሩ ውጤት ያላገኘች አትላክም።

ፕላዝማው መጥፋት የጀመረው በዚያ መሐል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደንበኛ ቀልድ ይመስል ነበር። የቴሌቪዥኑ ሰው ስለ አምፖል እያስተማረ ነው። ቮልቴጁ ሁለት መቶ ሃያ፣ የሚያልፍበት ከረንት ግማሽ አምፒር፤ የአምፖሉን ሬዚስታንስና የሚወስደውን ፓወር ፈልጉ አለ። ልጆቹ ጻፉ። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከሳጥኑ ሥር ያለው ስታቢላይዘር "ቀጭ!" አለና ጨለመ።

"ቲቸር፣ መልሱን ይዞት ሄደ!" አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እኔም ስቄ ጠመኔ አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። "እሱ ቢሄድ መልሱ አይሄድም" አልኳቸው። ቮልቴጁን ለከረንቱ ስታካፍሉ ሬዚስታንሱን ታገኛላችሁ፤ አራት መቶ አርባ ኦም። ቮልቴጁን በከረንቱ ስታባዙ ፓወሩን ታገኛላችሁ፤ መቶ አሥር ዋት። ሁለት ቁጥር ይዛችሁ አንዴ ማካፈል፣ አንዴ ማባዛት፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ያልገባቸው በካፊኖኖ ጠየቁኝ፤ በካፊኖኖ መለስኩ። ያ ክፍለ ጊዜ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያስተማርኩበት ክፍለ ጊዜ ነበር።

ግን በማግሥቱም ጠፋ። በሳልስቱም። ሁልጊዜ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአዲሱ ብሎክ። አዲሱ ብሎክ ደግሞ በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ቀን የእኔ ነው። ሌሎቹ ብሎኮች በሌላ ሽቦ ስለሚመጣላቸው ምንም አይሆኑም። ወሬው እግር አወጣ። "እሷ ስትገባ ነው የሚጠፋው" ተባለ። ቀጥሎ "ስብሰባ ላይ ያለችውን አልሰማችሁም?" ተባለ።

እኔ ግን ሌላ ነገር አይቻለሁ። ዳይሬክተሩ ለስብሰባ ዞን በሄደ ቀን ፕላዝማው አይጠፋም። ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀች።

"ሽሮው ሲንተከተክ ነዋ የሚጠፋው! እኔም ሽታው ሲመጣ ሳጥኑን ቆልፌ ልጠብቅ አስቤ ነበር" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ ሰው ሳይኖር፣ የሻይ ክፍሉን ከፈተችልኝ። ከላቦራቶሪው ሁለት መለኪያ አመጣሁ፤ አንዱ የቮልቴጅ፣ አንዱ የአምፒር። ከቤቴ የራሴን ኤክስቴንሽን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሁለቱ ሽቦዎቹ አንዱን ቆርጬ ሁለቱን ጫፎች ከአምፒር መለኪያው ጋር አያያዝኩ። ከረንት የሚለካው እንደዚያ ነው፤ መንገዱን ቆርጠህ መለኪያውን መሐል ታስገባለህ፤ የሚያልፈው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ስቶቩ ሳይሰካ ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሁለት መቶ ነበር። መጽሐፉ ሁለት መቶ ሃያ ይላል፤ ቦንጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ከዚያ ስቶቩን ሰካነው። ኮይሉ ቀስ ብሎ ቀላ። ቮልቴጁ መቶ ስድሳ ላይ ወርዶ ቆመ።

"አምፒሩን አንብቢልኝ" አልኳት፤ እጄ ሽቦ ይዞ ነበር።

ጎንበስ አለች። "ስምንት" አለች። "ስምንት ነው የሚለው፤ አሁን ምን ይሁን?"

በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሠራሁላት። መቶ ስድሳ ለስምንት ሲካፈል ሃያ፤ የስቶቩ ሬዚስታንስ ሃያ ኦም ነው። መቶ ስድሳ በስምንት ሲባዛ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ፤ ስቶቩ የሚያገኘው ፓወር ያ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው። አሁን የጠፋውን ፈልጊ አልኳት። ከሁለት መቶው አርባ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። አርባ ለስምንት አምስት፤ ከውጪ እስከዚህ ባለው ሽቦ ውስጥ አምስት ኦም ተቀምጧል። ሽቦ ይህን ያህል ሊኖረው አይገባም። ጣሪያው ጥግ ላይ መዳቡና አልሙኒየሙ ተጠምዝዞ በፌስታል የታሰረበት መጋጠሚያ ከሥር ሆኖ እንኳ ጠቁሮ ይታያል። አርባ በስምንት ሲባዛ ሦስት መቶ ሃያ ዋት እዚያ ላይ በከንቱ ይቃጠላል። በዚሁ ሽቦ የሚመጣለት የአዲሱ ብሎክ ስታቢላይዘር ደግሞ ከመቶ ሰማንያ በታች ሲሆን እንዲዘጋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መቶ ስድሳ ሲያይ ይዘጋል።

"ስለዚህ ሽሮውም የሚዘገየው ለዚህ ነው?" አለች። አብረን ሳቅን። የመጨረሻ ሳቃችን መሆኑን አላወቅሁም።

ሰኞ ጠዋት ለዳይሬክተሩ ብቻውን ነገርኩት። በሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ ነው። መጋጠሚያው እስኪሠራ ድረስ ስቶቩን ከክፍለ ጊዜ ውጪ ቢሰካው ነገሩ እንደሚያበቃ ነገርኩት።

"እሺ እትዬ፤ እናየዋለን" አለ። ፈገግ ብሎ ሸኘኝ። አየው በርግጥ። ለግምገማው የመዘጋጃ ጊዜ ሰጠሁት እንጂ ሌላ ያተረፍኩት የለም።

ግምገማው በአዳራሹ ተደረገ። መምህራን በሙሉ ተቀምጠናል። ከዳይሬክተሩ ጎን ከወረዳ የመጡ አንድ ሰው ማስታወሻ ዘርግተዋል። ተራ በተራ እየተነሣን ጠንካራና ደካማ ጎናችን ይነገራል። አንዱ አረፈደ፣ አንዱ ጠጣ፣ አንዷ ከተማሪ ጋር ተጣላች። የእኔ ተራ ደረሰ።

"ፕላዝማው በአንቺ ክፍል ብቻ ለምንድን ነው የሚጠፋው?" አለ። እትዬ ቀረች። አንቱታውም ቀረ።

"ቮልቴጁ እየወረደ ነው። ሎዱ ሲጨምር ስታቢላይዘሩ..."

"በእንግሊዝኛ አትሸሸጊ። ቤቱ እንዲገባው በአማርኛ አስረጂ።"

እሺ አልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አስረጂ ስባል ማስረዳት እንጂ ሌላ አላውቅም።

"ችግሩ እኔ ጋ አይደለም" አልኩ። "ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው።"

ጎኔ የተቀመጠው መምህር ወንበሩን ሸሸት አደረገ። ለዛሬ ልጆች ይህ ላይገባቸው ይችላል። በዚያ ዘመን መስመር ማለት የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ አልነበረም። በየስብሰባው "መስመራችን ትክክል ነው፤ ችግሩ አፈጻጸም ላይ ነው" ይባል ነበር። ይህን ንግግር እኔም እንደማንም ሰምቼዋለሁ። ግን ሐሳቤ ሁሉ ጣሪያው ጥግ ላይ ባለችው የጠቆረች መጋጠሚያ ላይ ስለነበር ሌላውን አላሰብኩትም።

"የትኛው መስመር?" አለ ዳይሬክተሩ፤ ቀስ ብሎ።

"መስመሩ ነዋ። ቀጭን ነው። ሲዘረጋም በደንብ አልተዘረጋም። ውስጡ ተቃውሞ አለበት። ተቃውሞው ኃይሉን መንገድ ላይ ስለሚያስቀረው እኛ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።"

"ኧረ ቀስ በይ..." አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ በሹክሹክታ።

የወረዳው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። "ተቃውሞው ምን ያህል ነው?" አሉኝ።

እግዜር ይይልኝ፤ ተስፋ አደረግሁ። ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አገኘሁ አልኩ።

"አምስት" አልኳቸው።

"እነማን ናቸው?"

አዳራሹ ፈነዳ። በሕይወቴ እንደዚያ የተሳቀበት ግምገማ አላየሁም። እኔም "ኦም ነው፤ አምስት ኦም" እያልኩ እጮኻለሁ፤ ማን ይሰማል። የወረዳው ሰው ፊታቸው ጠቆረ። የተሳቀባቸው ባለሥልጣን ምን እንደሚሆን የኖረ ያውቃል። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን መታ።

"ተቃውሞ ማለት ሬዚስታንስ ነው፤ በአማርኛ አስረጂ ስላልከኝ ነው" አልኩ። "የለካሁትም ብቻዬን አይደለም። እሷም ነበረች፤ አምፒሩን ያነበበችው እሷ ናት። ትነሣና ትናገር።"

ጓደኛዬ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔን አላየችኝም።

"እኔ ባዮሎጂ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ነገር አላውቅም" አለች። ቀጠለችና "ሽቦ ስትቆርጥ ግን አይቻለሁ" አለች።

ውሸት ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ውሸትን ውሸት ነው ትለዋለህ። ሽቦ ስቆርጥ አይታለች፤ እውነት ነው።

"የማንን ሽቦ? የራሴን ኤክስቴንሽን መሆኑን ንገሪያቸው እንጂ!"

"የማን እንደሆነ አላውቅም" አለችና ተቀመጠች።

"እሺ፣ ክርክሩ ይቅር" አልኩ። "ስቶቩን አሁን እንስካውና ሄደን እንየው። ቅርብ ነው።"

"እኛ እዚህ የተሰበሰብነው አመለካከት ልንገመግም እንጂ ሽሮ ልንሠራ አይደለም" አለ ዳይሬክተሩ። አሁን ሳቂው ሁሉ ወደ እሱ ወገን ዞረ። አፍ እንዳለው አልክድም። ከዚያ "ግለ ሂስ አድርጊ" አለኝ።

"በምኑ?"

"በአመለካከትሽ።"

"እኔ አርባን ለስምንት ነው ያካፈልኩት" አልኩ። "የማካፈል ግለ ሂስ አላውቅም።"

ብዙ ሰው ይህን መልሴን በኋላ ያደንቅልኝ ነበር፤ መንገድ ላይ፣ ብቻዬን ሲያገኘኝ፣ ግራ ቀኝ አይቶ። ያን ዕለት በአዳራሹ ግን አንድ እጅ አልተነሣልኝም። የሒሳብ አስተማሪው እንኳ፣ አርባ ለስምንት ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ሰውዬ፣ ጫማውን ነበር የሚያየው። ዝቅተኛውን ውጤት ሰጡኝ። የጂማው ዕድል ለእሷ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ስቶቩ በዚያው ሰሞን ከሻይ ክፍሉ ወጣ። ዳይሬክተሩ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይዞት ሄደ። ፕላዝማው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጠፋም። ሰውም "አያችሁ፣ ከግምገማው በኋላ ተስተካከለች" አለ። ስቶቩ ሲወጣ ችግሩ መጥፋቱ የእኔን እውነት የሚያስመሰክር መስሎኝ ነበር፤ ጥፋቴን አስመሰከረብኝ። ዳይሬክተሩም እንደገና "እትዬ" ይለኝ ጀመር። አቤት እለው ነበር፤ ምን ላድርግ።

ክረምት ሲገባ፣ ጂማ ከመሄዷ በፊት፣ ጓደኛዬ ቤቴ መጣች። ዝናቡ ቦንጋን የያዘ ቀን ነው፤ በር ላይ ቆማ ጃንጥላዋን ታራግፋለች። ማር ይዛለች።

"አትገቢም ልትዪኝ ትችያለሽ" አለች።

"ግቢ፤ ትበሰብሻለሽ።"

ተቀመጠች። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ መኪናው መንገድ አወራች። ከዚያ አወጣችው።

"ጄኔራል ፊዚክስ አለባችሁ አሉን፤ ባዮሎጂም ብትሆኚ አይቀርም አሉ። ያቺን የቮልቴጇንና የከረንቷን ነገር... እንደው አንዴ ብታሳዪኝ።"

ማሩን አየሁት። እሷን አየኋት። ከአፏ ምን እንደወጣ የገባት አልመሰለኝም፤ ወይም ገብቷት የመጣች ጠንካራ ሴት ናት። ባዶ እጇን ልመልሳት እችል ነበር። ያልመለስኳት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ ለዚያች ጥያቄ ስመልስ ኖሬአለሁ፤ ሥራዬን የቀማኝ ቴሌቪዥኑ ነው፤ የቀረችኝን አንዲት ተማሪ ደግሞ በቂም ላባርራት አልወደድኩም። ወረቀት አወጣሁ። አንዴ ማካፈል፣ አንዴ ማባዛት። ቮልቴጅ ለከረንት፣ ቮልቴጅ በከረንት። የመስመር ላይ ኪሳራ እንዴት እንደሚሰላም ጨመርኩላት። የሰጠኋትን ጥያቄ ሁሉ ሠራች።

"ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ?" አለች።

"ያን ዕለትም ይሄን ያህል ቀላል ነበር" አልኳት።

እስክሪብቶዋን ዘጋች። "ፈርቼ ነው" አለች። "ልጆች አሉኝ።"

"እኔም እናት አለችኝ" አልኩ። ማሩን አልወሰድኩም፤ ስትወጣ በእጇ መልሼ አስያዝኳት።

ክረምቱ አልፎ ስትመለስ ገበያ ላይ አገኘችኝ። ፊቷ ወዝ አውጥቷል። በዚያ መሐል ለእኔ የመውረጃ ደብዳቤዬ ደርሶኛል፤ ከመስከረም ጀምሮ አንደኛ ደረጃ፣ አካባቢ ሳይንስ። ሰምታለች፤ አላነሣችውም። ክንዴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"በፊዚክስ ኤ አገኘሁ" አለች። "ሙቺ፣ ያንቺ ነው።"

"የእኔ ከሆነ ስጪኝ" አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ክንዴን ከእጇ አውጥቼ ወደ ጎመን ተራ ገባሁ።